የአይጥ ቤት ሙቀትና የሰው መድኃኒት



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አይጥ ነው። አይጥ በጎተራችን ጠላታችን ናት። በመድኃኒት ምርመራ ቤት ግን ባለውለታችን ናት።

ወጣቶቻችን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳሉ። ወባ ይዟቸው የሚመለሱም አሉ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ለወባ ይሆናሉ የሚባሉ የባህል መድኃኒት ዕፆችን ይፈትናሉ። ፈተናው የሚጀመረው በነጭ አይጦች ላይ ነው። አይጦቹ በአይጥ ወባ እንዲያዙ ይደረጋል። ከፊሎቹ ዕፁን ይጠጣሉ፤ ከፊሎቹ አይጠጡም። ከዚያም ደማቸው ይመረመራል፤ ክብደታቸውና የሰውነታቸው ሙቀት ይለካል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰው ወባ ሲይዘው ያተኩሰዋል። አይጥ ግን ወባው ሲጠናባት ሰውነቷ ይቀዘቅዛል። ታዲያ የምትኖርበት ክፍል ብርድ ከሆነ፣ ያቀዘቀዛት ወባው ነው ወይስ ብርዱ?

የሲኒ ውሃ ከእንስራ ውሃ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። አይጥም ትንሽ ስለሆነች ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች። የሚስማማት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ብዙ የምርመራ ቤቶች ግን 22 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ይህ የሚመቸው ልብስ ለለበሰ ሰው ነው። አይጧ ብርዱን ለመቋቋም ብዙ ትበላለች፤ ልቧም ቶሎ ቶሎ ይመታል።

በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በቡፋሎ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። በ30 ዲግሪ የኖሩት አይጦች ካንሰር፣ በ22 ዲግሪ ከኖሩት ይልቅ በዝግታ አደገ። ብርዱ ሰውነታቸው በሽታውን የሚዋጋበትን ኃይል አድክሞት ነበር።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ዕፁን የጠጡትና ያልጠጡት አይጦች እኩል በሚሞቅ ክፍል ይቀመጡ። የክፍሉ ሙቀት ቀንም ሌሊትም ይለካ፤ ይጻፍም። ለአይጦቹም ጎጆ መሥሪያ ይሰጣቸው። በጎተራ ሥር ያለች አይጥ ገለባ ሰብስባ ጎጆ የምትሠራው ብርዱን ለመከላከል አይደለምን?

ያጋደለ ሚዛን እህሉን በትክክል አይመዝንም። ሙቀቱ ያልታወቀ ክፍልም መድኃኒቱን በትክክል አይመዝንም። በመጨረሻ የሚጎዳው በሽተኛው ሰው ነው።

ደግሞም አይጥን የረዳ ዕፅ ሁሉ ሰውን ያድናል ማለት አይደለም። በሰው ላይ በጥንቃቄ መፈተን ይቀረዋል። እስከዚያው ድረስ ትኩሳት ሲሰማን ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ደማችንን እናስመርምር።