ሞተር ብስክሌትና የደጋ ብርድ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት፣ ለሠራተኞችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሰፊው አስረድተዋል። ለእኔ የደረሰኝ ርእስ በሞተር ብስክሌት ላይ ሆኖ ብርድን ስለ መከላከል ነው። መርሐ ግብሩ ሲነበብ ሳቅ ሰምቻለሁ። የሳቁት ግን በመኪና የመጡት ናቸው። በሞተር የመጡት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ዝም ብለው ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት ማኅበራት እንደገና ተደራጅተው ዩኒየኖች መቋቋም ከጀመሩ ወዲህ የማኅበር አደራጁም፣ ኦዲተሩም፣ የግብርና ባለሙያውም እግር ሞተር ብስክሌት ሆኗል። በመጀመሪያ ያማሃ ዲቲና ኤጂ ነበሩ፤ ኋላ ቦክሰርና ቲቪኤስ መጡ። (ኤጂ የሚለው መጠሪያ ራሱ ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቀነሰ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ለገበሬ ታስቦ ነው።) የማኅበሩ ሂሳብ የሚመረመረው፣ የማዳበሪያ ፍላጎት የሚሰበሰበው፣ የገብስና የስንዴው ጥራት መጋዘን ድረስ ሄዶ የሚታየው በዚሁ በሁለት ጎማ ነው።

ችግሩ ይህ ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነው። በእኛ ደጋ የመኸር ሰብል ተሰብስቦ ግዢ የሚጧጧፈው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ውርጭ የሚወርደውም በዚሁ ወቅት ነው። ሰማዩ ጠርቶ ያድራል፣ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ትለቃለች፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ በሸሚዝ ሞተር አስነስቶ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሰው በአንድ ጉዞ ከ10 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያጣል። ብዙ ጊዜ በብርድ የሚመታው ከደጋ የተነሣው ሳይሆን ከቆላ የወጣው ነው። ደጋው ሰው ቢያንስ ለብሶ ይነሣል።

በዚህ ላይ ነፋስ አለ። የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ቢሆንና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብንነዳ፣ የተገለጠ ገላችን የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነው። አየሩ ራሱ ዜሮ ከሆነ ወደ 9 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በ40 ብንነዳም ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ መንዳት ለሌላ ነገር እንጂ ለብርድ ብዙም አይረዳም።

ባለፈው ጉባኤ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «እኛ በሬ ጠምደን በባዶ እግራችን ውርጭ ላይ እንውላለን፤ ለሞተረኛ ጓንት መግዛት ቅንጦት ነው» ብለው ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልስም ያስፈልገዋል። አባቴ፣ የሚያርስ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ጡንቻው ሲሠራ ራሱ ምድጃ ነው። ሞተረኛው ግን ቁጭ ብሎ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል። ሁለተኛ፣ የአራሹ እጅ ቢደነዝዝ እርፉን ለቆ ያሻሸዋል። የሞተረኛው እጅ ሲደነዝዝ ፍሬኑ አብሮ ይደነዝዛል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ሰውነት ሲበርደው በመጀመሪያ የሚጠብቀው ልብንና ሳንባን የያዘውን መሐል አካል ነው። ለዚህም ከእጅና ከእግር ደም ይቀንሳል። ጣት ይደነዝዛል፣ ከዚያ መጨበጥ ይዘገያል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በሰኮንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ጣት በግማሽ ሰኮንድ ቢዘገይ ከአምስት ሜትር በላይ አለፈ ማለት ነው። በገበያ ቀን፣ አህያና ሕፃን በሞላበት መንገድ፣ አምስት ሜትር ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ የሥራ ባልደረባችን በታኅሣሥ ጠዋት ቁልቁለት ላይ በጎች ሲገቡበት ጣቱ አልታዘዝ ብሎት ቦይ ውስጥ ገብቷል። አንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ ሁለት ወር ከሥራ ውጭ ነበር፤ የሦስት ማኅበራት የሂሳብ ምርመራም በዚያው ልክ ዘገየ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። እጅ የሚሞቀው በጓንት ብቻ አይደለም፤ ደረት ሲሞቅ ነው። ደረቱ የበረደው ሰው ሁለት ጓንት ቢደርብም ጣቱ ይደነዝዛል። ስለዚህ ከደረት እንጀምር።

የሚያሞቀን ልብሱ ውስጥ የታሰረው አየር ነው። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ሦስት ስስ ልብስ መደረብ ይሻላል። ከገላ ጋር የሚገናኘው ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቀርና ያቀዘቅዛል። የበግ ጠጉር ግን እርጥበት እያለውም ይሞቃል። እዚህ ላይ የመንዝ ሰው ከማንም ማማከር አያስፈልገውም፤ ባናና በርኖስ የሠሩት እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ነገር ግን በርኖስ ለእግረኛና ለፈረሰኛ እንጂ ለሞተር አይሆንም፤ ነፋስ ሲገባበት እንደ ድንኳን ይነፋል። ያየሁት ጥሩ ዘዴ ከአሮጌ ባና ሰደርያ አሰፍቶ ከጃኬት ሥር መልበስ ነው። ማንኛውም ልብስ ሰፊ በግማሽ ቀን ይሠራዋል።

ከላይ የሚለበሰው ነፋስ የማያሳልፍ መሆን አለበት። የዝናብ ልብስ በበጋም ቢሆን ለዚህ ያገለግላል። እሱም ከሌለ ጋዜጣ አጥፎ በሹራብና በጃኬት መካከል ደረት ላይ ማድረግ ብዙ ይረዳል፤ ይህችም መጽሔት ከተነበበች በኋላ ለዚህ ብትውል አልቀየምም። የማዳበሪያ ከረጢት የውስጥ ላስቲክ ግን አትጠቀሙ። ቅሪቱ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል። ንጹሕ ላስቲክ ከሱቅ ይገዛ።

ስለ ጋቢና ነጠላ ጠንከር ብዬ ልናገር። ጋቢ እቤት እሳት ዳር የሚያህለው የለም። ሞተር ላይ ግን ነፋስ ያሳልፋል፤ ከዚያ የባሰው ጫፉ በሰንሰለትና በኋላ ጎማ መጠለፉ ነው። ከኋላ የምትቀመጥ እናትም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ካላሰረች መነሣት የለበትም። ሻርፕም ከሆነ ጫፉ ጃኬት ውስጥ ይግባ።

ለእጅ ስስ የሱፍ ጓንት ከውስጥ፣ ሰፋ ያለ የቆዳ ጓንት ከላይ። የጠበበ ጓንት ደም ይከለክላልና ከባዶ እጅ ብዙም አይሻል። አንዳንድ ልጆች ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ቆርጠው መሪው ላይ የእጅ ጋሻ አድርገው አይቻለሁ፤ ነፋሱን በደንብ ይመልሳል። ይህን ስትሠሩ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን እንዳይነካ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ እያዞራችሁ ሞክሩት። እጅን ማርሚታ ላይ ማሞቅ ግን ይቅር። የደነዘዘ ጣት መቃጠሉን አያውቅም። ቁሙ፣ እጃችሁን ብብት ውስጥ ክተቱ፣ ወይም ክንዳችሁን አወናጭፉ።

ጉልበት የመጀመሪያውን ነፋስ የሚቀበል ሆኖ ሳለ ሁሉም ይረሳዋል። ከሱሪ ላይ የዝናብ ሱሪ በቂ ነው። ለእግር ሰፋ ያለ ቦት ጫማና ሱፍ ካልሲ፤ ደረቅ ቅያሪ ካልሲ ደግሞ ከመዝገቦቹ ጋር ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ሄልሜት ውስጥ ወፍራም ኮፍያ ማድረግ ሄልሜቱን ያላላዋል፤ ስስ ይሁን። የፊት መስታወቱ በትንፋሽ ሲሸፈን ጥቂት ከፈት ማድረግ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። ባለሙያ በርዶት ሲደርስ ገበሬው «ልጄ፣ አንዲት መለኪያ ቅመስ፣ ብርዱን ትሰብርልሃለች» ይለዋል። ደግነት ነው፤ እምቢ ማለትም ይከብዳል። ነገር ግን አረቄ ደም ወደ ቆዳ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል፣ የውስጥ ሙቀቱን ግን እየከሰረ ነው። በዚያ ላይ ይነዳል። ስለዚህ አባላት ሆይ፣ ሞተረኛን በሻይ፣ በሾርባ፣ በበሶ አክብሩት። ባዶ ሆድ የወጣ ሰው ምን ቢለብስ ይበርደዋልና ይህ ከጓንት አያንስም።

ገንዘብ የማይጠይቅም አንድ ነገር አለ፤ የስብሰባ ሰዓት ነው። ጠዋት በ1 ሰዓት ሰብስቡ ስንል ባለሙያው በ11 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ በውርጭ ላይ ይነዳል። ጥላ ያለበት ኩርባና የእንጨት ድልድይ በዚያ ሰዓት ያንሸራትታል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሩቅ ቀበሌዎች ስብሰባ በ4 ሰዓት ቢጀመር ፀሐይ መንገዱን ታደርቃለች። ገበሬውም ቢሆን ከብቱን አሰማርቶ ይደርሳል። ይህን የወረዳ ኃላፊዎች ዛሬ እዚሁ ተነጋግራችሁ ልትወስኑት ትችላላችሁ።

ለቦርዱ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የመጋዘን ሠራተኛ ካፖርት የሚሰጠው የሥራ ልብስ ተብሎ ነው። ጓንት፣ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬትና ሄልሜትም ለሞተረኛ በዚሁ የበጀት ርእስ ይያዙ፤ ለጠቅላላ ጉባኤም ይቅረቡ። ግዢው ከመስከረም በፊት ካልተፈጸመ ጥር ላይ የሚመጣ ጓንት ለሚቀጥለው ዓመት ነው።

ጓንት ለሁሉም በአንድ ልክ ሲገዛ ለማንም አይሆንም። የሞተር አሽከርካሪዎች ከምሳ በኋላ የእጃችሁን ልክ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ዘንድ አስመዝግቡ።