በእድር የማናፍርበትን በሥራችን ለምን እናፍራለን?

(በማኅበራችን የጥር 2015 ዓ.ም. ስብሰባ ላይ የሒሳብ ባለሙያ የሆነች አባላችን ያደረገችው ንግግር)

 

የስብሰባው አዘጋጆች «ሥራ ሲበዛብሽ እንዴት ትይዥዋለሽ? ከደንበኛስ ጋር ሳትጣዪ እንዴት ትዘልቂያለሽ?» ብለው ሁለት ጥያቄ ሰጥተውኛል። እንደ እኔ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ናቸው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ብዙዎቻችሁ ሥራዬን ታውቁታላችሁ። እዚሁ ላሊበላ በአንዲት ክፍል ቢሮ ከአንዲት ረዳት ጋር ሆኜ የሰው ሒሳብ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ፔንሲዮኖች፣ ምግብ ቤቶች፣ የባህል ዕቃ መሸጫዎች፣ የሸቀጥና የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ናቸው። የእነሱ ወቅትና የእኔ ወቅት አይገጥምም። ለእነሱ ገበያው የሚደራው ከመስቀል እስከ ጥምቀት ነው፤ በተለይ የገና ሰሞን ምእመኑ ከየአገሩ ሲጎርፍ አልጋ ከማንጠፍና ወጥ ከመሥራት ሌላ ጊዜ የላቸውም። ያን ጊዜ ስለ ደረሰኝ ብጠይቅ ማን ይሰማኛል?

የእኔ ወቅት ደግሞ ክረምት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ይባል ነበር፤ የሚከፍለውም በሐምሌ ነበር። ከዚያ በላይ ሆኖ 1,000,000 ብር ያልሞላው ደረጃ «ለ» እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ «ሀ» እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጊዜ ነበራቸው። ሠራተኛ የቀጠረ ደግሞ በየወሩ የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ አለበት፤ ጡረታው ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ነው።

እንግዲህ በታኅሣሥ ያልተሰበሰበ ደረሰኝ በሐምሌ በፌስታል ታጭቆ ይመጣል። አንዱን ዝናብ ነክቶታል። የካሽ ሬጅስተሩ ወረቀት ቀለሙ ለቆ ነጭ ሆኗል። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ማስታወቂያው ቢዘገይ ደግሞ ቅጣቱ ከደንበኛው ኪስ ነው የሚወጣው። በታክስ አስተዳደር አዋጁ የዘገየ ማስታወቂያ ቅጣት ካልተከፈለው ግብር 5 ከመቶ ይጀምራል፤ እየተደመረም እስከ 25 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። ለአንዲት ፔንሲዮን ባለቤት ይህ የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ነው።

አሁን ቁጥር ላስላ፤ ሙያዬ ነውና ይቅር በሉኝ። 24 ደንበኞች አሉኝ። የዓመቱ ደረሰኝ በአንድ ጊዜ ቢመጣልኝ የአንዱን ለመጨረስ 3 ሙሉ ቀን ይፈጅብኛል። ለ24 ደንበኛ 72 ቀን ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ተደምረው እሑዱና በዓሉ ሳይቀነስ 60 ቀን ናቸው። አይበቃም! ያው ደረሰኝ በየወሩ ቢመጣ ግን ለአንድ ደንበኛ በወር 2 ሰዓት ይበቃል። ልብ በሉ፣ 2 ሰዓት በ12 ወር ሲባዛ 24 ሰዓት ነው፤ እሱም ያው 3 የሥራ ቀን ነው። የድካሙ መጠን አልቀነሰም፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራ የሚከብደን ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ቀን ሳይቆረጥለት ስለሚመጣ ነው። ቀን የማንቆርጠው ደግሞ በይሉኝታ ነው። «ጋሼን እንዴት በዚህ ቀን አምጡ እላቸዋለሁ?» «እትዬን ስንት ይከፍሉኛል ብዬ እንዴት እጠይቃለሁ?» እንላለን።

እስቲ እድራችንን ተመልከቱ። የመዋጮው ቀን የታወቀ ነው። የዘገየ ይቀጣል፣ የቀረ ይጠየቃል፣ ሁሉም በመዝገብ ይሰፍራል። በዚህ የተነሳ «እድሩ ናቀኝ» ያለ ሰው ሰምታችኋል? እንዲያውም እድሩን የምናከብረው ደንቡ ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ ስለሆነ ነው። በእድር የማናፍርበትን በሥራችን ለምን እናፍራለን?

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር አንድ ገጽ ውል አለኝ፤ ደረሰኝ የሚመጣበት ቀን፣ የእኔ ሥራ እስከ የት እንደሆነ፣ ክፍያውና የሚከፈልበት ቀን ተጽፎበታል። ፔንሲዮኖች በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ሱቆች በሁለተኛው ይመጣሉ። ቅዳሜ ማንንም አልቀጥርም፤ ገበያ ነው፣ ባለ ሱቅ ሱቁን ትቶ አይመጣም። በገና ወር ደግሞ ረዳቴ ራሷ እየዞረች ትሰበስባለች፤ ደንበኛው በማይችልበት ጊዜ እኛ እንሄዳለን። ደንብ ማለት ግትርነት አይደለም። መጥፎ ዜና ካለም ቶሎ እናገራለሁ። ግብሩ ከፍ እንደሚል በጥር ካወቅሁ በጥር እነግራቸዋለሁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ይህ ዋጋ አያስከፍልም አልልም። አንድ የቆዩ ደንበኛዬ ውሉን ሳሳያቸው «በእኔና በአንቺ መካከል ወረቀት ገባ?» ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። አዝኛለሁ፤ ውሉን ግን አልተውኩትም። ለእሳቸው ብቻ ብተወው ለሌሎቹ 24 ምን እመልሳለሁ?

ደንቡ የተፈተነው በክፉ ቀን ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ ቱሪስት ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ገባ። አልጋው ባዶ፣ ሱቁ ዝግ ሆነ። ያን ጊዜ «ክፈሉ» ማለት ግፍ ነበር። ግን ዝም ብሎ ማለፍም መቀያየም ያመጣል፤ ተበዳሪው ይሸሻል፣ አበዳሪው ያማል። እኛ ተቀምጠን የቀረውን ብር ጻፍን፣ ሥራ ሲጀመር በየስንት እንደሚከፈል ተስማማን፣ ሁለታችንም ፈረምን። መንገድ ላይ ስንገናኝ ማንም ፊቱን አያዞርም። ዛሬ ጥቂት ጥቂት እየከፈሉ ነው።

እህቶቼ፣ ይህ ለሒሳብ ሠራተኛ ብቻ አይደለም። ሸማ የምትሠሪ፣ ለሠርግ እንጀራ የምትጋግሪ፣ ማር የምትሸጪ፣ ልብስ የምትሰፊ ሁሉ ትዕዛዝ ስትቀበዪ ሦስት ነገር ጻፊ፤ መቼ እንደምታስረክቢ፣ ስንት እንደሆነ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ። መጻፍ የማትችል እናት ልጇ ትጻፍላት። ለዘመድ በነፃ መሥራት ከፈለግሽም ሥሪ፤ ግን ስጦታ መሆኑን ሁለታችሁም እወቁት።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የምትሰጡን የመነሻ ገንዘብ ትልቅ ነገር ነው። ከገንዘቡ ጋር የደብተር አያያዝ ሥልጠና ጨምሩልን፤ ገንዘቡ የት እንደደረሰ እኛም እናንተም የምናየው በዚያ ደብተር ነው።

በመጪው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ አንድ ደብተር ይዛችሁ ኑ። የመጀመሪያውን ገጽ አብረን እናሰምራለን።