ማን ነገራቸው? የስልክ አጭበርባሪዎች ስለ እኛ የሚያውቁት ከየት ነው



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ከቤተሰቤ የመጣ ጉዳይ ነው። ባለጉዳዮቹ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚለዩ ዝርዝሮችን ግን ለውጫለሁ። በሰሜን ወሎ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከሮቢት ከተማ አጠገብ የሚኖሩ አጎት አሉኝ። ገበሬ ናቸው፤ ማሽላና ጤፍ ያመርታሉ፣ በመስኖ ሽንኩርት ይተክላሉ። ስልካቸው ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ነው። ኢንተርኔት የሚባለውን በእጃቸው ነክተውት አያውቁም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስልካቸው ጮኸ። እርሳቸው እንደ ነገሩን፣ ደዋዩ በትሕትና «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ?» ብሎ በስማቸውና በአባታቸው ስም ጠራቸው። ሪያድ የምትኖረውን ልጃቸውን በስሟ አነሣ። ባለፈው ወር ስለ ተፈጸመው የወንድ ልጃቸው ሰርግም «እንኳን ደስ አለዎት» አለ። ወደ ጉዳዩ የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ልጅቱ በካርጎ የላከችው ዕቃ አዲስ አበባ ደርሷል፤ የቀረጡ 12,000 ብር ዛሬውኑ ካልተከፈለ ግን ይወረሳል አላቸው። አጎቴ ለሽንኩርት ዘር ያስቀመጡትን ገንዘብ በቴሌብር ላኩ።

ገንዘቡ በዚያው ቀረ። እኔን እረፍት የነሳኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ «ማን ነገራቸው?» ሲል ጠየቀ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ የቅርብ ሰው መሆን አለበት ተባለ። ጣት የተቀሰረው በጎረቤት ልጅ ላይ ሆነ። ልጁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ለመንደሩ ሽማግሌዎች መልእክት የሚያነብላቸው፣ በ127 ገንዘብ የሚልክላቸው እርሱ ነው። ሁለቱ ቤቶች ቡና መጠራራት ተዉ።

በከተማ፣ በተለይም በእናንተ በተማሪዎች ዘንድ፣ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው። «ስልካችን ያዳምጠናል» ትላላችሁ። ስለ አንድ ነገር አውርታችሁ በማግሥቱ ስለዚያው ነገር ተደውሎላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17,000 በላይ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ፈትሸው፣ በድብቅ ድምፅ ቀርጾ የሚልክ አላገኙም። ያገኙት ማያ ገጽን እየቀረጹ የሚያስተላልፉ ጥቂቶችን ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ስልክ ከቶ አይሰለልም እያልሁ አይደለም፤ ነገር ግን የአንድ ገበሬን የዘር መግዣ ለመውሰድ ውድ የስለላ ፕሮግራም የሚያሰማራ ሰው አይኖርም። የአጎቴ ስልክ ደግሞ እንዲህ ያለ መተግበሪያ ሊጫንበት እንኳ አይችልም።

ስለዚህ የአጎቴን ልጅ አስፈቅጄ፣ ቤተሰቡን እንደማያውቅ እንግዳ ሰው ሆኜ ፍለጋ ጀመርሁ። የማንንም የይለፍ ቃል አልሰበርሁም፤ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ብቻ ተመለከትሁ። የሰርጉ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ነበር፤ የሮቢት ስምም ተጽፎበታል። ከሥሩ በሚገኙት አስተያየቶች ዘመድ አዝማዱ ሙሽራውን በአባቱና በአያቱ ስም እየጠራ መርቆታል። በእኛ አገር ምርቃት ያለ ዘር ቆጠራ ምርቃት አይሆንምና፣ የቤቱ የዘር ሐረግ ከነቅርንጫፉ እዚያው ተዘርግቷል። ቀጥሎም በሳዑዲ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሚገናኙበት የፌስቡክ ቡድን ውስጥ የአጎቴ ልጅ ያሰፈረችውን ጥያቄ አገኘሁ። አስተማማኝ ካርጎ የሚያውቅ ካለ እንዲጠቁማት ጠይቃ፣ ዕቃውን የሚረከበው አባቷ መሆኑን ገልጣ፣ የእርሳቸውን ስልክ ቁጥር ጽፋለች። ሥራው በጠቅላላው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ወሰደብኝ።

እንግዲህ ኢንተርኔት ነክተው የማያውቁት አጎቴ ኢንተርኔት ላይ አሉ። ያስገቧቸው ሌሎች ናቸው፤ ያስገቧቸውም በፍቅር ነው።

ቁጥሩ በዚህ መንገድ ባይገኝ ኖሮ ሌሎች መንገዶች አሉ። እያንዳንዳችሁ አንድ መተግበሪያ የስልክ ማውጫችሁን እንዲያይ በፈቀዳችሁ ቁጥር፣ ያልተጠየቁ የብዙ ሰዎችን ስምና ቁጥር አብራችሁ ትሰጣላችሁ። ደዋይን በስም የሚለዩ አንዳንድ አገልግሎቶች የተገነቡት በአብዛኛው በዚህ ዓይነት መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 በ106 አገሮች የሚገኙ የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ፣ ስልክ ቁጥራቸውን ጨምሮ፣ በነጻ ተለቅቆ ነበር። መረጃው የተለቀመው በስልክ ማውጫ አማካይነት ጓደኛ ለማግኘት የተሠራውን አገልግሎት መሣሪያ በማድረግ ነው። የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን በዚሁ ምክንያት ሜታን በ2022 265 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። በብዙ የባንክና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶችም፣ ገንዘብ ለመላክ ቁጥር ሲገባ የተቀባዩ ስም ለማረጋገጫ ብቅ ይላል። ይህ ከስሕተት እንዲጠብቀን የታሰበ ነው፤ ቁጥር ይዞ ስም ለሚፈልግ ሰውም እንዲሁ ያገለግላል።

ደዋዩ ያውቅ ነበር ያልነው ሁሉ ግን በእውነት ያውቀው የነበረ ነው? እዚህ ላይ ቆም እንበል። በርትራም ፎረር የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው ሙከራ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። 39 ተማሪዎቹን የጠባይ መመዘኛ አስሞልቶ ለእያንዳንዳቸው «የግልህ ውጤት» ብሎ ጽሑፍ አደላቸው። ተማሪዎቹም ትክክለኛነቱን በአማካይ ከ5 ነጥብ ከ4 በላይ ሰጡት። ለሁሉም የታደለው ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር። ከራያ ቆላ ሰዎች ወደ ዐረብ አገር መሄድ ከጀመሩ ዘመን ተቆጥሯል። እዚያ ለሚኖር ሰው ደውሎ «ውጭ አገር ያለው ዘመድዎ» የሚል ደዋይ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ያልተሳካለትን ጥሪ ግን ማንም አያወራውም፤ ስልኩ ይዘጋል፣ ይረሳል። እኔም አጎቴን ረጋ ብዬ «አያ፣ የልጅቱን ስም መጀመሪያ ያነሣው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙ ዝም አሉና «እኔ ሳልሆን አልቀርም» አሉ። ደዋዩ «ሪያድ ያለችው ልጅዎ» ሲል እርሳቸው በደስታ ስሟን ጠርተው ስለ ደኅንነቷ ጠይቀዋል። ከዚያ ወዲያ ደዋዩ ስሟን አውቆ ደጋገመው፤ በትዝታቸው ግን ከመጀመሪያው የሚያውቀው ሰው ሆኖ ተቀመጠ።

ይህ የማታለል ዘዴ በሮቢት ይህን ያህል የሚሠራበት ምክንያት የሰዉ የዋህነት ነው ብትሉ አልቀበላችሁም። በዚያ አገር እንግዳን መፈተኛው «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ዘር የቆጠረ፣ የደስታና የሐዘን ቀንን ያወቀ፣ ወገን ነው። ፈተናው ለዘመናት ሠርቷል፤ ምክንያቱም ያን ዕውቀት ማግኘት የሚቻለው አብሮ በመኖር ብቻ ነበር። አሁን ዕውቀቱ ከኑሮው ተለይቶ ወጥቷል። አጎቴ ደዋዩን ያመኑት «ይህን የሚያውቅ ወገን ብቻ ነው» ብለው ነው፤ ቤተ ዘመዱ የጎረቤቱን ልጅ የጠረጠረውም በዚያው ምክንያት ነው። አንዱ ስሕተት ሁለት ጊዜ ተሠራ፤ ሁለተኛው ደግሞ የከፋው ነው እላለሁ።

በዚህ ላይ የአካባቢው የቅርብ ዘመን ታሪክ ተጨምሯል። ቆቦና አካባቢዋ በጦርነቱ በ2013 እና በነሐሴ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ከዘመድ ጋር መገናኘት ጭንቅ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ በኋላም በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። ሪያድ ያለች ልጅ በኢንተርኔት የምትደውል ከሆነ፣ አባት «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ አጣ ማለት ነው። እውነተኛ የመከራ ጥሪም አለ። በጅቡቲና በየመን በኩል የተጓዙ ወጣቶች በአጋቾች እጅ ወድቀው ቤተሰቦቻቸው ገንዘብ እንደ ተጠየቁ ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ መዝግቦታል። እንዲህ ያለ ጥሪ የሰማ አገር ያልታወቀ ቁጥር ሲደወል ዝም ብሎ ሊዘጋ አይችልም።

የሕጉን ነገር ባጭሩ ላንሣ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አጭበርባሪውን ይመለከታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ በሚሰበስቡና በሚይዙ ላይ ግዴታ ይጥላል። ሁለቱም የሚያስፈልጉ ናቸው። ሙሽራን በአያቱ ስም የመረቀች አክስትን ግን የትኛውም ሕግ ሊቆጣጠራት አይችልም፤ እንዲቆጣጠራትም አልመኝም።

ቤተሰባችን አሁን ሁለት ነገር ያደርጋል። ገንዘብ የሚጠይቅ ጥሪ ሲመጣ ስልኩን ዘግቶ ቀድሞ በሚያውቀው ቁጥር መልሶ ይደውላል። የሚደወልበት መንገድ ከሌለ ደግሞ በጽሑፍ ያልሰፈረ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄው ምን እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ አልናገርም፤ ንግግሬ በፋኩልቲው ድረ ገጽ ይወጣልና።

ባለፈው ክረምት ሮቢት ሄጄ ያገኘሁትን ሁሉ በስልኬ ለአጎቴ አሳየኋቸው። የሰርጉን ቪዲዮ ሁለት ጊዜ ተመለከቱት፤ መጀመሪያ ለደስታ፣ ቀጥሎ እየመረመሩ። አስተያየቶቹን አንድ በአንድ አነበብሁላቸው። በመጨረሻ ስልኩን መለሱልኝና «እንግዲህ ያን ልጅ ምን ብዬ ልጥራው?» አሉኝ። ምላሽ አልነበረኝም። በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ ጎረቤት ቤት ሄዱ።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ ላቁም።