የፍሪሲዮን ገመድና የአደራ ንብረት
(ለሰበካ ጉባኤ የልማት ኮሚቴዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የተሰጠኝ ርእስ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ የሚመጥን አይመስል ይሆናል። ነገር ግን ለችግኝ ተከላው፣ ለምንጭ ማጎልበቱና ለጤና ትምህርቱ ከደብር ወደ ደብር የምታደርሰን ሞተር ብስክሌት ናት፤ እርሷ ስትቆም ሥራውም ይቆማል። ስለዚህ ስለ ፍሪሲዮኗ ገመድ ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ እናገራለሁ።

በአንድ ሐምሌ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚተከሉ የወይራና የጽድ ችግኞችን በሁለት ሣጥን ጭኜ ወደ አንድ የደጋ ደብር ለመሄድ ስዘጋጅ፣ የፍሪሲዮኑ እጀታ ላላ ብሎ ተሰማኝ። የጠበቀ ነገር ሁሉ አስተማማኝ መስሎኝ ገመዱን እስከ መጨረሻው ወጠርሁት። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስደርስ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይገፋም፤ ወዲያው የተቃጠለ ሽታ መጣ። የፍሪሲዮኑ ሸራ አርሮ ነበር። አንድ አረጋዊ ቄስ ወጣቶችን አስከትለው በዝናብ ወርደው ሣጥኖቹን በትከሻ አወጡልን። «ዲያቆን፣ ልጄ፣ ምን ሆነችብህ?» ቢሉኝ «አርጅታለች፣ አባቴ» አልኋቸው። አላረጀችም፤ ያበላሸኋት እኔ ነበርሁ። የመለዋወጫው ዋጋም ለቀጣዩ ወር ችግኝ ከተያዘው ገንዘብ ተከፈለ።

ፍሪሲዮን የሞተሩን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል ነው። እጀታው ሲሳብ ገመዱ ሞተሩ ጎን ያለውን ክንድ ይስባል፤ በሞላ ተጭነው የተያያዙት ሸራዎችና የብረት ሳህኖች ይላቀቃሉ። እጀታው ሲለቀቅ ሞላዎቹ መልሰው ያያይዟቸዋል። ገመዱ ከልክ በላይ ከተወጠረ፣ እጀታው ተለቅቆም እንኳ ሞላዎቹ በሙሉ ኃይላቸው አይጫኑም፤ ሸራው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ከልክ በላይ ከላላ ደግሞ እጀታው ተስቦም ሳህኖቹ በሚገባ አይላቀቁም፤ ማርሽ ማስገባት ይከብዳል፣ ሞተር ብስክሌቷም ባለችበት መቆም ሲገባት ወደ ፊት ትጎትታለች።

ስለዚህ እጀታው ገመዱን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ነጻ ርቀት ሊኖረው ይገባል። ይህ ርቀት በእጀታው ጫፍ ሲለካ በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመጨረሻው ዳኛ ግን ከሞተር ብስክሌቷ ጋር የመጣው መመሪያ ነው።

የማስተካከሉ ሥርዐት እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ነጻውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። ሁለተኛ፣ በእጀታው ሥር ያለውን የጎማ ሽፋን ገልጣችሁ መቆለፊያ ቀለበቱን አላሉ፤ ማስተካከያው ወደ ውጭ ሲፈታ ርቀቱ ይቀንሳል፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ይጨምራል። ልኩን ስታገኙ ቀለበቱን መልሳችሁ አጥብቁ። ሦስተኛ፣ የላይኛው ማስተካከያ ብዙ ወጥቶ ጥርሱ በጥቂቱ ብቻ ከያዘ ወደ ውስጥ መልሱትና ሞተሩ አጠገብ ባለው በታችኛው አስተካክሉ፤ ዳዶውን ማጥበቅም አትርሱ። አራተኛ፣ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ርቀቱ ከተለወጠ ገመዱ አንድ ቦታ ተይዟል ማለት ነው። በመጨረሻም በፎሌ አስነሥታችሁ፣ እጀታውን ስባችሁ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ሳትጎትትና ሳትጠፋ ከቆመች፣ እጀታውንም ቀስ ብላችሁ ስትለቁ በለሰለሰ ሁኔታ ከተነሣች ሥራው ተፈጽሟል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከገመዱ ክሮች አንዱ እንኳ ተበጥሶ ካያችሁ ገመዱ ይለወጣል እንጂ አይስተካከልም። ደግሞም ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ነጻው ርቀት በአብዛኛው እየጠበበ ይመጣል፤ ማንም ሳይነካው የጠበቀ እጀታ የደኅንነት ምልክት አይደለም። ርቀቱ ልክ ሆኖ ሳለ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከሆነ ወደ መካኒክ ውሰዱት።

ልመናዬ ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ኮሚቴ አንድ ኃላፊ ይሰይም፤ እርሱም በየሳምንቱ ይለካ፤ ቀኑን፣ ልኩንና ያስተካከለውን ሰው ስም በመዝገብ ያስፍር። የተሳሳተም ቢኖር ስሕተቱን ይጻፍ። ንብረቱ ምእመናን በአደራ የሰጡን ነውና፣ የተደበቀ ጥፋት ሁለተኛ ወጪ ያስወጣል።

እኔም ቆይቼ ለእኚያ አረጋዊ አባት እውነቱን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያስ ለሌሎቹም ንገር» አሉኝ። እነሆ፣ ነገርኋችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።