አሮጌ መኪናን ስለ ማደስና ብልሽቱንም ስለ መለየት

ለኦቦና ለሞያሌ ነዋሪዎች፥ እንዲሁም ለአስተዳደር ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር



በደረቅ ሀገር የሚኖር ሰው ከግመሉና ከከብቱ ቀጥሎ የሚተማመነው በመኪና መሆኑ የታወቀ ነው። በኦቦ ዙሪያ ምጥ የጸናባት ሴት ወደ ሐኪም ቤት የምትደርሰው በመኪና ነው፤ ኩሬው ሲደርቅ ውኃ የሚመጣው፥ እህል ሲጠፋም እርዳታው የሚከፋፈለው በመኪና ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ በከሸፉ ጊዜ፥ ከዋናው መንገድ ርቆ ወደ መንደር የሚዘልቅ መኪና ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁሉም አይቶታል። ስለዚህ በግቢ ጥግ ቆሞ አቧራ የሚጠጣ አሮጌ መኪና ምናምንቴ ዕቃ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። በሥርዓት ቢታደስ የሰው ሕይወት የሚያድን ነው፤ ያለ ሥርዓት ተጠግኖ ወደ በረሃ ቢላክ ግን የተሳፈሩትን ሰዎች በውኃ ጥም የሚያስቀር ነው።

ከኢሲዮሎ ተነሥቶ በማርሳቢት በኩል ሞያሌ የሚደርሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በየክፍሉ ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ዓመታት አስፋልት ለብሷል። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ሰዎች በአራቱም እግሩ የሚነዳ መኪና ዘመኑ ያለፈ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ መንደሮቹ የሚሄደው መንገድ ዛሬም ድንጋይ፥ አሸዋና መረሬ ጭቃ ነው። አዲስ መኪና ማግኘትም ቀላል አይደለም። ኬንያ ዕድሜው ከስምንት ዓመት የበለጠ ያገለገለ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ትከለክላለች፤ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። እንግዲህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ መያዝ በድንበሩ ግራና ቀኝ ላለው ሕዝብ የሚበጅ ነገር ነው።

በዚህ አካባቢ ከሚታወቁት አሮጌ መኪናዎች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። ላንድ ሮቨር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም ትርኢት ለሕዝብ ታየ፤ የዚሁ ዘር የመጨረሻው መኪና ከፋብሪካ የወጣው በጥር 2016 ነው። ላንድ ክሩዘር 40 የተባለው የቶዮታ ዓይነት በ1960 ተጀምሮ እስከ 1984 ድረስ ተሠራ፤ በ1984 ደግሞ 70 የተባለው ተተካ። ሁለቱም የተሠሩት በተራ መፍቻ እንዲፈቱና እንዲገጠሙ ሆነው ስለሆነ፥ ያለ ኮምፒዩተር በዛፍ ጥላ ሥር ሊጠገኑ ይችላሉ። የአሮጌ መኪና ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው።

ከማደስ በፊት መመርመር

ገንዘብ ከመውጣቱ አስቀድሞ መኪናው ሊታደስ የሚገባው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዚህ ነገር ብዙ ሰው የሚታለለው በቀለሙ ነው። የላንድ ሮቨር አካል ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም፤ ከሥር የተሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነውና ይበላል። ስለዚህ ከላይ ደኅና የሚመስል መኪና ከታች የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። መካኒኩ ከሥሩ ገብቶ ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፥ ይልቁንም ባሌስትራዎቹ በተያያዙበት ቦታ፥ በትንሽ መዶሻ ያንኳኳ። ደኅናው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ይታፈናል። ሻንሲውና የሞተሩ ብረት ደኅና ከሆኑ ሌላው ሁሉ ሊለወጥ ይችላል። ሁለቱም ከተበላሹ ግን መኪናውን ለመለዋወጫ ማስቀመጥ ይሻላል።

የእድሳቱ ተራ

ሥራው ተራ አለው። አስቀድሞ መኪናው መቆምን፥ ቀጥሎ መታዘዝን፥ ከዚያ መቀዝቀዝን፥ በመጨረሻም መሄድን እንዲችል ይደረጋል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆንና ባለቤቱ ሞተሩን አስነሥቶ፥ ቀለም ቀብቶ፥ ፍሬኑን ለነገ ይለዋል።

በመጀመሪያ ፍሬን ነው። በጥንቶቹ ላንድ ሮቨሮች የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ፥ አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም እግሮች ያለ ፍሬን ይቀራሉ። ለብዙ ዓመት የቆመ መኪና ከሆነ ቱቦዎቹና ላስቲኮቹ ደኅና ቢመስሉም ይለወጡ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ስለዚህ አሮጌው ዘይት ተደፍቶ አዲስ ይሞላ። ዘይቱ ጎደለ ብሎ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሾፌር ላስቲኮቹን አሳብጦ ፍሬኑን ያጠፋዋል፤ ይህ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

በሁለተኛው ደረጃ መሪና እግር ናቸው። አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ ሌላው ከሥር ሆኖ የመሪውን ዘንጎች መጋጠሚያ ይመልከት። መሪው እየዞረ እግሩ የሚዘገይ ከሆነ መጋጠሚያው አልቋል። ከዚያም እግሩን በክሪክ አንሥቶ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ላልቷል። የባሌስትራዎቹ ማሰሪያ ብሎኖችም ይጥበቁ፤ በድንጋያማ መንገድ ከሁሉ አስቀድመው የሚላሉት እነዚህ ናቸውና።

በሦስተኛው ደረጃ ማቀዝቀዣው ነው። በዲዳ ጋልጋሉ ሜዳም ሆነ በኦቦ ዙሪያ የራዲያተሩን ክንፎች አቧራና የሣር ፍሬ ይደፍናቸዋል። ውኃ ሲረጭበት ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት ይሁን፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚረጭ ቆሻሻውን አጥብቆ ያስገባዋል። የአየር ማራገቢያው ቀበቶ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል የሚል ከሆነ መጠኑ ነው። ሞተሩ ሲግል ክዳኑን ወዲያው መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ጥላ ፈልጎ እስኪበርድ መጠበቅ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

በአራተኛው ደረጃ ሞተር፥ ካምቢዮና ዲፈረንሺያል ይመጣሉ። ዘይታቸው ሁሉ ተደፍቶ ይታይ። እንደ ወተት የነጣ ዘይት ውኃ መግባቱን ይመሰክራል። በዲፈረንሺያሉ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነች፥ የጋለው ብረት ወራጅ ውኃ ሲነካው በድንገት ይቀዘቅዝና በዘይት መከላከያው በኩል ውኃ ይስባል። በ2023 መጨረሻ በኤል ኒኞ ዝናም ጊዜ እንደ ነበረው ያለ ጎርፍ ባለበት ወራት፥ ወራጅ ከተሻገሩ በኋላ ዘይቱን ማየት ግዴታ ነው። እንዲሁም በአሮጌ መኪናዎች የሚገኘው ዘይት ያለበት የአየር ማጣሪያ በአቧራ መንገድ በየጊዜው ይታጠብ፤ ዘይቱም እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ይሞላ። ማጣሪያው ከተረሳ አቧራው ገብቶ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀለም ቢቀባ ነውር የለውም።

በአራቱም እግር ስለ መንዳት

አስፋልት ከመጣ ወዲህ አዲስ ብልሽት ታይቷል። በእነዚህ አሮጌ መኪናዎች የፊትና የኋላ እግር አንድ ላይ ሲያያዝ፥ በመካከላቸው የፍጥነቱን ልዩነት የሚያስታርቅ ዲፈረንሺያል የለም። በአሸዋና በጭቃ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቃልለዋል። በደረቅ አስፋልት ግን ጎማው አይንሸራተትምና፥ ጭንቀቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጎማ ይበላል፥ ጥርስ ይሰብራል፥ የእግር ዘንግ ይቆርጣል። ስለዚህ ከመንደር መንገድ ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ የሚገባ ሾፌር የፊቱን እግር መልቀቅ አለበት።

በላንድ ሮቨር፥ ይልቁንም በሁለተኛውና በሦስተኛው ተከታታይ፥ ቢጫ ጫፍ ያለው ዘንግ ወደ ታች ሲጫን የፊት እግር ይያያዛል። ለመልቀቅ መኪናውን አቁሞ ባለ ቀይ ጫፉን ዘንግ ወደ ኋላ ስቦ እንደገና ወደ ፊት መመለስ ነው፤ ያን ጊዜ ቢጫው ራሱ ይነሣል። በፊት እግሮች ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ያላቸው መኪናዎች ደግሞ መቆለፊያው ካልተዘጋ የፊቱ እግር አይስብም። ጭቃ ውስጥ ከገቡ በኋላ ይህን ማስታወስ ጉልበት ያስጨርሳል።

ብልሽትን ስለ መለየት

መኪና በመንገድ ሲቆም ችኩል ሰው መፍቻ ያነሣል፤ አስተዋይ ሰው ግን አስቀድሞ ይጠይቃል። ሞተሩ ይዞራልን? ነዳጅ ይደርሳልን? ቤንዚን ከሆነ ካንዴላው እሳት ይሰጣልን? ናፍጣ ከሆነ በመስመሩ አየር ገብቷልን?

ሞተሩ የማይዞር ከሆነ ሞተሪኖውን ከመፍታት በፊት የባትሪውን ጫፎችና ከሻንሲው ጋር የሚያያዘውን ሽቦ ማጽዳትና ማጥበቅ ይገባል። የናፍጣ ሞተር እየዞረ የማይነሣ ከሆነ፥ በፊልትሮው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን አላልቶ በእጅ ፖምፓው መግፋት ነው፤ አረፋው አልቆ ናፍጣ ብቻ ሲወጣ ብሎኑ ይጥበቅ። ጥቂት ሄዶ የሚጠፋና ካረፈ በኋላ የሚነሣ መኪና ከሆነ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ክዳን መክፈት ነው። ክዳኑ ሲከፈት አየር ሲስብ ከተሰማ መተንፈሻው በአቧራ ተደፍኗል ማለት ነው። በዚህች በቀላል ነገር ምክንያት ፖምፓው ያለ ጥፋቱ የተለወጠበት መኪና ጥቂት አይደለም።

ጢሱም ይናገራል። ጥቁር ጢስ የአየር ማነስን ወይም የነዳጅ መብዛትን፥ ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን፥ የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ደግሞ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ወይም ናፍጣው በሚገባ አለመቃጠሉን ያመለክታል። በራዲያተሩ ውኃ ውስጥ አረፋ ከታየ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረም።

በላንድ ሮቨር የኋላው እግር ዘንግ ቢሰበር ተስፋ አይቈረጥም። እግሩ በራሱ ኩሽኔታ የተያዘ ስለሆነ አይወልቅም። የተሰበረውን ዘንግ ስቦ አውጥቶ፥ የፊቱን እግር አያይዞ፥ በፊት እግር ብቻ ቀስ እያሉ ወደ ቤት መግባት ይቻላል።

ስለ መለዋወጫና ስለ መዝገብ

በሞያሌ አንዱ ዕቃ ሁለት ስም አለው። በኢትዮጵያ ወገን ያለው መካኒክ ከጣሊያን የወረሰውን ቃል ይዞ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ኩሽኔታ ይላል፤ በኬንያ ወገን ያለው ፉንዲ ደግሞ ክላች፥ ጊርቦክስ፥ ቤሪንግ ይላል። በዚህም ምክንያት የተላከው ሰው የተሳሳተ ዕቃ ይዞ ይመለሳል፤ በዚያ መካከል ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ ዕቃ የሚገዛው በስሙ ሳይሆን በዕቃው ቁጥርና በሻንሲው ቁጥር ይሁን፤ የሚቻል ከሆነ አሮጌው ዕቃ አብሮ ይላክ።

የመንግሥትም ሆነ የማኅበር መኪና የራሱ መዝገብ ይኑረው። ዘይት የተለወጠበት ቀን፥ የተሄደው ኪሎ ሜትር፥ የተገጠመው ዕቃና የሠራው መካኒክ ይጻፍበት። ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው የተወሰደ ዕቃም ሳይመዘገብ አይቅር፤ አለዚያ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሁለቱም መኪናዎች አጽም ሆነው ይቀራሉ። ሹም ይለወጣል፥ ሾፌርም ይለወጣል፤ መዝገብ ያለው መኪና ግን ለተተኪው ታሪኩን ይነግረዋል።

ከመንገድ በፊት ሾፌሩ ውኃውን፥ ዘይቱን፥ ፍሬኑንና ጎማውን ይመልከት። ከተነሣ በኋላም 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ይቁምና የአራቱንም እግር መሐል በእጁ ይዳስስ፤ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ እግር ካለ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ታሟል። የመጠጥ ውኃም ለሰውና ለራዲያተር ለየብቻ ይያዝ። ይህ ሁሉ የሚወስደው ጊዜ ቡና ከሚፈላበት አይበልጥም። በሌሊት ከመንደር በሽተኛ አምጡ የሚል ጥሪ ሲመጣ ግን፥ መኪናው በሚነሣበትና በማይነሣበት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው የጥቂት ጊዜ ትጋት ነው።