ተወካይ የሚላከው ለመጠየቅ ነው

(በሰቶ ሰመሮ ለጅማ ከተማና ለአካባቢው የቡና ከተሞች መራጮች የተደረገ ንግግር)



የትምህርትና የጤና ፖሊሲያችን በእጃችሁ ባለው ማኒፌስቶ ውስጥ ስለተጻፈ እዚህ አንደግመውም። የመጣነው በየሄድንበት የሚቀርብልንን አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው። «እሺ መረጥናችሁ እንበል፤ አብላጫው ወንበር የገዢው ፓርቲ ከሆነ እዚያ ተቀምጣችሁ ምን ልትፈይዱልን ነው? ድምፅ ሲሰጥ ትሸነፋላችሁ፤ ደመወዝ ትበላላችሁ፤ አለቀ።» አንዳንዱ በማሾፍ ይጠይቀናል፤ ቢሆንም መልስ ይገባዋል።

ሕገ መንግሥቱ ለምክር ቤት አባል የሰጠው ሥራ እጅ ማውጣት ብቻ አይደለም። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ምክር ቤቱ ይወያያል ይላል። የምክር ቤቱ መቀመጫ 547 ነው። አንድ ሦስተኛው 183 ሰው ይሆናል።

አሁን ወደ 1997 ዓ.ም. እንመለስ። በዚያ ምርጫ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11 መቀመጫ እንዳገኙ ተገለጸ። ድምሩ 172 ነው። የድምፅ ቆጠራው ራሱ ያስነሳውን ክርክር ለጊዜው እንተወውና፣ በታወጀው ቁጥር ብቻ እንሂድ። 183 ለመሙላት የጎደለው 11 ሰው ነበር። አሥራ አንድ! አንድ ወንበር ምን ያደርጋል ለሚሉን መልሳችን ይኸው ነው። ከቅንጅት ተመራጮች ብዙዎቹ ወደ ምክር ቤቱ አለመግባታቸው፣ መሪዎቹም በ1998 ዓ.ም. መታሰራቸው ደግሞ ቁጥሩን ይበልጥ አሳነሰው።

ገዢው ፓርቲ ግን ስሌቱን ከእኛ ቀድሞ ሠርቶታል። ቀድሞ 20 አባላት ተስማምተው አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር። የሥራ ዘመኑን እየጨረሰ የነበረው ምክር ቤት ከምርጫው በኋላ ደንቡን ለውጦ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ የሆነ ድምፅ ያስፈልጋል አለ። ጥያቄ ዋጋ የሌለው ቢሆን ኖሮ ጥያቄን ለመዝጋት ያን ያህል ባልተቸኮለ ነበር።

ያም ሆኖ የገቡት ተናገሩ። ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ፣ ዶ/ር መረራ ጉዲና፣ አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ከመንበሩ ፊት ቆመው ጠየቁ። አቶ ቡልቻ በንጉሡ ዘመን የገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር የነበሩ፣ አዋሽ ባንክን ከመሠረቱት አንዱ ናቸውና በጀት ሲተቹ በቀላሉ የሚታለፉ ሰው አልነበሩም። በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ሲቀርብ ተቃዋሚዎች ሕጉ ንጹሐንን ያሳስራል ብለው ተከራከሩ። ተሸነፉ፤ አዋጅ ቁጥር 652 ሆኖ ወጣ፤ ጋዜጠኛውም ፖለቲከኛውም በዚያ ሕግ ታሰረ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በዚያው አዳራሽ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሰውን ማሰቃየትና ጨለማ ቤት መዝጋት የመንግሥት ሽብር እንደነበር በራሳቸው አፍ ተናገሩ። ሕጉም በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ የተነገረው ማስጠንቀቂያ በቃለ ጉባዔ ላይ ተመዝግቦ ነበር። ያን ዕለት ዝም ተብሎ ቢሆን ኖሮ «ማንም አልነገረንም» ይሉን ነበር።

ጠያቂ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከተሜው በራሱ ቤት አይቶታል። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 ወንበር ለተቃዋሚ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የተመረጡት የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ። ከጎረቤታችን ከከፋ በግል የተመረጡት ዶ/ር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ሲጨመሩ ሁለት። በ2004 ዓ.ም. የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የወጣው በዚህ ምክር ቤት ነው። ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሽያጭም ሆነ በስጦታ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል የሚል ሕግ ነበር። አባት የሠራውን ቤት ያለ ሐሳብ ሲኖርበት የነበረ ሰው ነገሩን የሰማው ከወጣ በኋላ ነው። ባለሥልጣናት በየከተማው እየዞሩ «አልገባችሁም» እያሉ ማስረዳት የጀመሩትም ከወጣ በኋላ ነው። ያ ማስረዳት አስቀድሞ በምክር ቤት፣ በጥያቄ ሊወጣ የሚገባው ነበር። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ያች አንዷ ወንበርም ጠፋች።

በ2013ቱ ምርጫ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዲሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 መቀመጫ አገኙ። ትንሽ ናቸው። ሆኖም የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በተቃዋሚ አባል፣ በአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ ሰብሳቢነት ሲመራ መሥሪያ ቤቶች በኦዲት ግኝት ላይ በይፋ ቀርበው መልስ ሲሰጡ አይተናል። ከዚያ በፊት የነበሩት ዋና ኦዲተር አቶ ገመቹ ዱቢሶ ለዓመታት ያልተወራረደውን ሂሳብ እየዘረዘሩ፣ እርምጃ የሚወስድ አካል ጠፋ ብለው ለዚያው ምክር ቤት ሲያመለክቱ ኖረዋል። አቶ ክርስቲያን በ2015 ዓ.ም. ክረምት ታሰሩ። ያለመከሰስ መብታቸው የተነሳው ግን ከወራት በኋላ በ2016 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 6 አባል ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። የሚናገረውን ወደድነውም ጠላነውም፣ ጠያቂን የሚጠብቀው አንቀጽ ሲላላ የሚራቆተው የመረጠው ሕዝብ ነው።

ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ፤ ወደ ቡናው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ 550/1999 ተቋቁሞ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ሲጠቀልል የጅማ ቡና በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ ከሌላው ጋር ተቀላቀለ። ቀይ እሸቱን ለቅሞ በአልጋ ላይ ያሰጣው የጌራ ገበሬና ጀንፈሉን መሬት ላይ ያደረቀው በአንድ ስም ተሸጡ። በአዋጅ 1051/2009 ነገሩ ተሻሻለ፤ አቅራቢው ከላኪው ጋር በቀጥታ እንዲገናኝ ተፈቀደ። እሰየው። ነገር ግን ከምርት ገበያው በፊት የነበረውም፣ ከዚያ በኋላ የመጣውም አሠራር ሲወሰን ከሰብሳቢው፣ ከአቅራቢው፣ ከገበሬው ማን ተጠየቀ?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች ተባለ። የእኛ ተወካይ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ጎማ ወረዳ ደረሰ? ኪሎ ቡና የሸጠው ገበሬ በዚያው ሳምንት ሂርማታ ገበያ ወጥቶ ዘይትና ስኳር ሲገዛ ተረፈው ወይስ ጎደለበት? ላኪው በኪሳራ ቡና ሸጦ ኪሳራውን ከውጭ በሚያስገባው ዕቃ ላይ ሲያካክስ የኖረበት ንግድ ቆሟል ወይስ ስሙን ቀይሯል? መልሱ በቁጥር፣ በወረዳ ተለይቶ እንዲቀርብ እንጠይቃለን። «ከፍተኛ ዕድገት ተመዝግቧል» መልስ አይደለም።

ግልገል ጊቤ 1 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ከዞናችን ውሃ ነው። ከእሱ ጋር የተያያዘው ጊቤ 2 ያለ ግልጽ ጨረታ ተሰጥቶ ተሠራ፤ በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዋሻው ተደረመሰ። በግድቡ ጥግ እየኖርን በሻማ የምናመሽባቸው ሌሊቶች ለምን እንደበዙ የሚጠየቀው የመብራት ኃይል ኃላፊ እንጂ የቀበሌው ሠራተኛ አይደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የበሻሻ ልጅ ናቸው፤ በ2002ም በ2013ም ምክር ቤት የገቡት ከዚሁ ከአጋሮ አካባቢ ተመርጠው ነው። በዚህ የሚኮራ ወገን ካለ ኩራቱን አንነካበትም። ነገሩን ግን አስቡት። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ተመራጭ በዚያ አዳራሽ መልስ ይሰጣል እንጂ አይጠይቅም። ስለዚህ የጎማ ቡና ጉዳይ ሲነሳ ጥያቄውን የሚያነሳው ሌላ ሰው መሆን አለበት። በፓርቲው ሥር ያሉት አባላት ደግሞ መሪያቸውን በምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቁ በቴሌቪዥን የምታዩት ነው።

ብንመረጥ እንዲህ እናደርጋለን። ምክር ቤቱ የሚሠራው ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። በዚያ ዕረፍትና በክረምቱ ተወካያችን እዚህ ቆሞ ምን እንደጠየቀ፣ ማን ምን እንደመለሰለት፣ የትኛው ጥያቄ ሳይመለስ እንደቀረ በጽሑፍ ያቀርባል። ጥያቄ የማያነሳ ሆኖ ካገኛችሁት አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 አመኔታ የታጣበትን ተወካይ መራጩ እንዲያወርደው ይፈቅዳል፤ ፊርማ ስታሰባስቡ አንቃወምም።

አሁን በየረድፉ ወረቀት እየታደለ ነው። ስማችሁን አትጻፉ፤ ቀበሌያችሁንና ጥያቄያችሁን ብቻ ጻፉ። በኦሮምኛም በአማርኛም ይቻላል። መጻፍ የማይመቻቸው አባቶችና እናቶች ለወጣቶቹ ይንገሯቸው። ሳጥኑ በሩ አጠገብ ነው።