በመቀስና በሙጫ የሚነገር ታሪክ
(በሰቆጣ ለየቲም ሕፃናት አሳዳጊዎችና መምህራን የቀረበ ንግግር)





ከልጆቻችን ጋር ወረቀት እየቆረጥን፣ በተከታታይ ሣጥኖች እየለጠፍን ታሪክ ስለመሥራት እንድናገር ተጋብዣለሁ። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን፣ እኛ በልቂስ የምንላትን፣ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥኖች ከፋፍለው በጨርቅ ላይ ሲሥሉ ኖረዋል። በዑስማኒያ ዘመንም ወረቀትን በስለት እየቆረጡ አበባና ጽሕፈት የማውጣት ጥበብ ነበር፤ ስሙም «መቁረጥ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል «ቀጥዕ» የመጣ ነው።

«ሕያው ፍጡርን መሣል እንዴት ይሆናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዑለማዎችም በጉዳዩ ተለያይተዋል። እናታችን ዓኢሻ በልጅነታቸው በአሻንጉሊት ይጫወቱ እንደነበር በሐዲስ መዘገቡን ይዘው ለሕፃናት ያቀለሉ አሉ። እኔ ግን ዓይንና አፍ አላስወጣም፤ የሰውነት ቅርጽ ብቻ ይበቃል። ፊት በሌለው ምስል ላይ ልጁ የራሱን ሰው ያያል።

ያረጀ ጋዜጣ፣ የደብተር ሽፋን፣ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ይሰበሰባል። (የአላህ ስም ያለበት ወረቀት አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ።) ሙጫው ዱቄት በውሃ ቀጥኖ፣ በእሳት ላይ እየተማሰለ ይዘጋጃል። ሁሉም ቁራጭ በቦታው ሳይደረደር ግን ሙጫ አይነካም። በእርሳስ የተሳሳተ ልጅ ይሰርዛል፣ ያፍራልም፤ ቁራጩን ያስቀመጠ ግን በጣቱ ገፋ ያደርገዋል። በቤቱ ኽምጣና የሚናገር፣ አማርኛው ገና ያልሞላለት ልጅም በዚህ ሥራ ከጓደኞቹ አያንስም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ በዘለቀ ጊዜ አባቱን ያጣ አንድ ልጅ ነበረን። ስለ አባቱ ቃል አይተነፍስም ነበር። አንድ ቀን አራት ሣጥኖች ሠራ። በመጀመሪያው ሰው በደጃፍ ቆሟል፤ በሁለተኛው ያው ሰው በመንገድ ላይ አንሶ ይታያል፤ በሦስተኛው መንገዱ ብቻውን ነው፤ በአራተኛው ባዶ በርጩማ አለ። እኔም ከግራ ወደ ቀኝ አንብቤ ላጽናናው ስጀምር፣ «ኡስታዝ፣ እንደ ኪታብ ከቀኝ ነው የሚነበበው» አለኝ።

ከቀኝ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። በርጩማው ባዶ ነበር፤ ከዚያ መንገዱ፤ ከዚያ ከሩቅ ብቅ ያለ ሰው፤ በመጨረሻም ሰውየው ደጃፍ ላይ። ምን እንደምመልስለት አላወቅኩም። ልጁ ግን በዚያው ዕለት ስለ አባቱ አካሄድ፣ ስለ ጋቢውም ጭምር ነገረኝ፤ ሥራውንም ለእናቱ ይዞላት ሄደ።

አሁን ለ22 ልጆች 4 መቀሶች አሉን፤ የቀሩት ወረቀቱን በእጃቸው ይቀዳሉ። በየቤታችሁ ጫፉ የደነዘ መቀስ ካለ ዐርብ ከሰላት በኋላ ይዛችሁ ብትመጡ እንረከባለን።